ከካራማራ የተመለሱት አራሽ፤ ከቢቸና እስከ ደብረ ማርቆስ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

አባባ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሙት ዓመታቸው ሲቆጠር በሚቀጥለው ሳምንት ይውል ነበር፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ግን ተዝካሩ ወደ እሑድ፣ ወደ ቅበላው ዕለት ተስቧል። በጾም በሬ አይታረድም፤ ባለቤታቸው እምዬ ደግሞ የአባባን ለቀስተኛ በሽሮ ልትሸኝ አትወድም። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ።

አያቴ ቢቸና አጠገብ ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው የተቀበሩ ገበሬ ናቸው። ከሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ሁለቱን ብቻ በውትድርና አሳልፈዋል። አገሩ የሚያውቃቸው ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ «ሚሊሻው» እየተባሉ ኖሩ። ስሙን አይጠሉትም ነበር። እኔ ግን ከዘመቻው በኋላ ያለው አርባ ዓመት ይበልጥብኛል፤ ይህን ማስታወሻ የምይዘውም ለእሱ ነው።

ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብርዱ ሳይለቅ ተሳፋሪው ሁሉ በጋቢው ተሸፋፍኖ ተኝቶ ነበር። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይ በረሃ ሲጀምር ጋቢው ወለቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። አፈሩ በየክረምቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ተሰባብሯል፤ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በጥንቃቄ ይወርዳል። ከታች ሁለቱ ድልድዮች ጎን ለጎን ናቸው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ባለ ገመዱ አዲሱና ከእርሱ አጠገብ ያለው አሮጌው።

አባባ የተሻገሩት አሮጌውን ነው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር የሚያዘምተውን ሰው ቁጥር ተቀበለ። ከእኛ ደብር ሰባት ሰዎች ተመረጡ። በጭነት መኪና ተሳፍረው ይህን በረሃ ወርደው፣ ወጥተው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። አባባ ከዚያ በፊት ከደጀን ወዲያ አልፈው አያውቁም ነበር። የዓባይን ውኃ ከድልድዩ ላይ ሲያዩ ከመኪናው ወርደው መሳለም ፈልገው እንደነበር፣ መኪናው ግን እንዳልቆመ በልጅነቴ ነግረውኛል። ስለ ዘመቻው የነገሩኝ ከዚህ ብዙ አያልፍም።

ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ምሳ በላን። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ በኅዳር የሚታየውን ያህል በሌላ ወር አይታይም። ዋልካው መሬት ሁሉ ጤፍ ለብሷል፤ ገሚሱ ታጭዶ በነዶ ተኝቷል፣ ገሚሱ ቆሞ ማጭድ ይጠብቃል። የዚህ አገር ሰው ስለ ጤፉ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። እኔም ከከተማ ነዋሪነቴ ጋር ይህን አልተውሁም፤ አጠገቤ ለተቀመጠው የወሎ ሰው እስከ ቢቸና ስለ ማኛ ጤፍ ሳወራለት መጣሁ።

ቢቸና ላይ የአጎቴ ልጅ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ በሚወስደው አቅጣጫ ስንጓዝ መሸብን። እምዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አገላብጣ ሳመችኝና «ከሳህ» አለች፤ እንደ ሁልጊዜው።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ የኅዳር ሚካኤል ነው፤ የደብራችን ታቦት። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ሄድን። ማኅሌቱ ተቁሟል፤ ከዲማና ከሌሎች ጉባኤ ቤቶች የመጡ የቅኔ ተማሪዎች ለምዳቸውን ለብሰው ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ሲያጅበው ሽማግሌዎቹ በዱላቸው ሲያመላክቱ አየሁ፤ አባባ በየዓመቱ ይቆሙባት የነበረችው የዋርካው ሥር ባዶ ነበረች። ማንም አልቆመባትም። ሆን ብለው ይሁን በአጋጣሚ አልጠየቅሁም።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድን። የድንጋይ ክምር ነው፤ ሐውልት የለበትም። መቃብሩ ላይ ሲሚንቶ እንዲፈስስ የአዲስ አበባ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ነበር፤ እምዬ ግን ገንዘቡን ለተዝካሩ ጤፍ አዋለችው። «እሱ ድንጋይ አይወድም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከእርሻው ድንጋይ ሲለቅም ነው የኖረው» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። የእሑዱን ፍትሐት የሚመሩትን መምሬ ጠርታ፣ «የሱን ስም ስትጠሩ ከዘመቻ ያልተመለሱትንም አራቱን አብራችሁ ጥሩልኝ» አለች። ከዘመቱት ሰባት ሰዎች አባባን ጨምሮ የተመለሱት ሦስት ናቸው። የአራቱ አጽም አገሩ አልገባም፤ መርዶ መጥቶ፣ ቤተ ሰቡ አልቅሶ፣ ተዝካራቸው በየቤቱ ወጥቶ አልፏል። አርባ ዓመት የሞላው ነገር ነው። መምሬም በደስታ እሺ አሉ፤ ግን ፍትሐት የሚደረሰው በክርስትና ስም ነውና የአራቱንም የክርስትና ስም አምጡ አሉ።

እምዬ የሁለቱን ታውቃለች። የቀሩትን ሁለት ነገ መፈለግ አለብን።

ማታ ከእሳቱ ዳር ስለ አባባ ስታወራኝ አመሸች። ሠላሳ ዓመት ባልሞላው ዕድሜው ሁለት ልጆች ትቶባት ነበር የዘመተው። በ1971 በአንካሳ እግር ተመልሶ ሲመጣ ትንሿ ልጅ አላወቀችውም፤ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። የመጀመሪያውን ክረምት በሬውን ጠምዶ የወጣው ወደ ራሱ እርሻ አይደለም። ጅጅጋ አጠገብ ወደ ወደቀው ባልንጀራው ቤት ነው። መበለቲቱ የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። እምዬ ተቆጣች፤ ዛሬም ስታወራው ቁጣው ከፊቷ ላይ ጨርሶ አልጠፋም።

«የኛ ሳይታረስ የሰው ይታረሳል ወይ? አልሁት። ዝናቡ እየሄደ፣ አፈሩ እየደረቀ! ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የኛ ቤት ወንድ አለበት› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን ያዝሁ።»


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በእኛ አገር ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሣም። ሰው ከቤት ቤት የሚሄድበት ቀን ስለሆነ ለፍለጋችን ተመቸን። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሦስተኛውን ስም ከሟቹ እኅት አገኘነው፤ ዓይኗ አያይም፣ ስሙን ስንጠይቃት ግን ሳታመነታ ነገረችን፤ አስከትላም ክርስትና ያነሣውን አበ ልጅ ስም፣ የተወለደበትን ወርና ያረገዘችውን እናታቸውን ምጥ ሁሉ ተረከችልን። የአራተኛው ቤተ ሰብ ግን በ1977ቱ ድርቅ ማግስት በሰፈራ ወደ መተከል ሄዷል። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ባሕር ዛፍ ቆሟል።

ቀኑ ሲረፍድ ከሰባቱ በሕይወት ያሉትን ብቸኛውን ሽማግሌ ላነጋግር ሄድሁ። ከአባባ ጋር ታጠቅ ገብተው፣ ከካራማራ በኋላ ወደ ኤርትራ ተወስደው፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው የገቡ ናቸው። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግራቸው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

እንደ ነገሩኝ፣ በታጠቅ የተማሩት ሠልፍ መሰለፍ፣ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፣ ምሽግ መቆፈር ነው። «ምሽግ ቁፋሮ ለገበሬ ምኑ ነው?» አሉ። በሰኔ 1969 አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ በሰልፍ አለፉ። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ገፍቶ ገባ፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች፤ ሐረርና ድሬዳዋ ተከበቡ። የእኛ ሰዎች የሐረርጌን ምድር ያዩት በዚያን ጊዜ ነው። ከጎጃም ደጋ የሄደ ገበሬ የመጀመሪያው ጠላቱ ውኃ ጥም እንደነበር ሽማግሌው ደጋግመው ነገሩኝ። በቀን አንድ ኮዳ ውኃ ለሁለት ይካፈላሉ። አባባ የራሳቸውን ድርሻ ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ለባልንጀራቸው ይመልሱለት ነበር፤ «እኔ የበረሃ ሰው ነኝ» እያሉ። የዓባይን በረሃ በመኪና ካለፉ ገና ዓመት ያልሞላቸው ሰው!

ከካራማራ ተራራ ወደ ጅጅጋ የሚያስገባው የማርዳ በር ነው። በር የተባለበት ምክንያት ሲያዩት ይገባል አሉ፤ መንገዱ በተራሮቹ መካከል ይጠባል፣ ጠላት ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። ጦሩ በፊት ለፊት ብቻ አልሄደም፤ ገሚሱ ተራራውን በሰሜን ዞሮ ከኋላ መጣ፤ የኩባ ወታደሮች በታንክ አብረው ነበሩ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ነጻ ወጣች። አባባ ጭናቸውን የተመቱት፣ ባልንጀራቸውም የወደቀው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

እኔ በልቤ የያዝሁት ጥያቄ ነበረኝ። ባልንጀራቸው ሲሞት ልጁን አደራ ብሏቸው ይሆን? ጠየቅሁ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም። ምን አደራ ይላል፤ አፍ የለው፣ ጊዜ የለው። እንደ ቆመ ነው የወደቀው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። ማንም ለማንም ምንም አላለም። አያትህ ግን አደራ እንደ ተቀበለ ሰው ኖረ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከእሳቸው ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ጻፍሁት። ስለ አያቴ እስከዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ቃል ገብቶ ቃሉን የጠበቀ ሰው ይመሰገናል፤ እሳቸው ያልገቡትን ቃል ነው የጠበቁት።

በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ለዚያ ጦርነት ሰማዕታት የቆመው የትግላችን ሐውልት አለ። ብዙ ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ። ለሽማግሌው ነገርኋቸው፤ አላዩትም። «ለኛ ነው?» አሉ። አዎ ለእናንተ ነው አልሁ። ደስ አላቸው።


እሑድ፣ ኅዳር 14

የአራተኛው ስም አልተገኘም። መምሬ «እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ‹ወንድማቸው› ብዬ እጠራዋለሁ» አሉ። እምዬ ዝም አለች፤ ግን እንዳልረካች ከፊቷ ታወቀ።

ስለ ድግሱ ብዙ አልጽፍም፤ ተዝካር ያየ ሰው ያውቀዋል። ዳሱ ከዋዜማው ተጥሏል፣ ሁለት በሬ ታርዷል፣ ጋኖቹ ከጎረቤት ሁሉ ተሰብስበው ጠላው ሞልቷቸዋል። ካህናቱ ቀድመው፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የቅኔ ተማሪዎች፣ ከዚያ ነዳያን፣ ከዚያ ሕዝቡ በየተራ ገባ። የአባባ የሚካኤል ማኅበርተኞች ጽዋቸውን ይዘው በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ የእሳቸውን ቦታ በኩር ልጃቸው፣ ትልቁ አጎቴ፣ ተቀበለ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በዳሱ ጀርባ ተሰበሰቡ። በጎጃም ሙሾ አውራጅ ሴት የሟቹን ታሪክ ሳታጣራ አትገጥምም፤ ይህችም ከጧት ጀምራ እምዬን ስትጠይቃት እንደነበር አይቻለሁ። ስለ ካራማራ ብዙ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዴ ብቻ አነሣችው፤ ከዚያ እንዲህ አለች፤

ሁለት ቤት አራሹ በአንድ ጥማድ በሬ፣
ማን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይጠምዳል ዛሬ።

ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። የባልንጀራው ልጅ፣ አሁን ከአርባ ዓመት ያለፈ ጎልማሳ፣ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ ወጣ። በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ ከጎተራው ጀርባ ቆሞ ሲያለቅስ ልጆቹ አዩት። እኛ አጎት እያልን ነው ያደግነው፤ የሥጋ ዘመዳችን እንዳልሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወንዶቹ ሲፎክሩ አመሹ። ሽማግሌውም በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሥተው ፎከሩ፤ ድምፃቸው ጎልቶ አይሰማም፤ ያኔ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጣቸው።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። አገሩም ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌሊት ውርጭ ወርዶ ነበር፤ ጠሉ ሳይደርቅ ማጭድ ይዘው የወጡት ወንፈለኞች የእምዬን ጤፍ ለማጨድ ተራቸው የደረሰ ጎረቤቶች ናቸው። የሚመራቸው የባልንጀራው ልጅ ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት ጀምሮ፣ የአባባ እግር ጨርሶ እንቢ ካለ ወዲህ፣ ይህን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው።

አብሬያቸው ልጨድ ብዬ ገባሁ፤ ከረፋዱ ላይ ነዶ ተሸካሚ አደረጉኝ። ዕረፍት ስናደርግ ይኸው አጎት የምንለው የባልንጀራው ልጅ ወደ ቤት ወስዶ የአባባን እርሻ ዕቃ አሳየኝ። ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉ። ማረሻው ተበልቷል፤ ስንት ጊዜ ተስሎ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ዕርፉን አውርዶ እጄ ላይ አስያዘኝ። የወይራ ዕንጨት ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ጎድጉዷል። አራሽ ዕርፉን እንደ ነገሩ ይጫናል እንጂ አይደገፍበትም። አባባ ግን ቀኝ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው በየትልሙ ክብደታቸውን ሁሉ የሚጥሉት በዕርፉ ላይ ነበር። የመዳፋቸው ቦታ፣ የአውራ ጣታቸው ቦታ ሳይቀር ይታያል። እጄን ስከተው ሰፋብኝ።

የጤፍ መሬት ደግሞ አንዴ ታርሶ አይተውም። ገምሰው፣ አይመው፣ አሰልሰው፣ ከዚያም ደግመው ደጋግመው አፈሩን ያደቅቁታል፤ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በከብት አስረግጠው ይዘሩታል። ይህን ሁሉ በሁለት ቤት፣ በአንድ ጥማድ በሬ፣ በአንድ ጤነኛ እግር። የባልንጀራው ልጅ ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ነገረኝ። ጎህ ሲቀድ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል፤ እናቱ «መጣ» ትላለች፤ እሱ ቆሎ በእጁ ይዞ ወደ እርሻው ይሮጣል። አባባ አንዱን ዙር ሲጨርሱ ቁመው ከእጁ ቆሎ ይወስዳሉ፤ አንዳንዴ ዕርፉን አስይዘውት ከኋላው ይሄዳሉ። «ጅራፍ ሳይሆን ልሳንህን አሰማ፣ በሬ በድምፅ ነው የሚሄደው ይለኝ ነበር» አለ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አባባ አንድ ጧት ሳይመጡ ቀሩ። የዚያን ቀን ልጁ ራሱ ጠመደ። አባባ ከጉብታው ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ዋሉ፤ አልጠሩትም፣ አላረሙትም።

ስለ መሬቱም አንሥቶ ነበር። የእኛ አገር መሬት ታሪኩ ረጅም ነው። በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ በቢቸና፣ በሞጣና በዳሞት ሲነሣ የአባባ አባት ከአመፀኞቹ አንዱ ነበሩ፤ መሬት ሊለካ ነው ሲባል ርስቱን ሊነጠቅ እንደሆነ ያልጠረጠረ ገበሬ አልነበረም። በየካቲት 1967 የደርግ አዋጅ መጣ። በ1989 ደግሞ የክልሉ የመሬት ሽግሽግ። አባባ በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ ስላገለገሉ «ቢሮክራት» ተብለው ተመዘገቡ፤ ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ ያለው ተወሰደባቸው። አምስት ልጆች ነበሯቸው። ለአገር የደማ ሰው በዚህ ቃል መጠራቱ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ እሳቸው ግን ስለ ነገሩ የተናገሩት አንድ ቃል የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። በዚያው ሽግሽግ መሬት ከደረሳቸው ወጣቶች አንዱ የባልንጀራው ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያመረተውን ጤፍ ሁለት ኩንታል በአህያ ጭኖ አባባ ቤት አራገፈ። አባባ አንዱን ተቀብለው አንዱን መለሱ።

እምዬ ከሣጥኗ የመሬት ይዞታ ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ሁለቱም ካሜራ ፊት የቆሙት ለዚያ ደብተር ነው፤ ዓይናቸው ፈጥጧል፣ አባባ የሸሚዛቸውን አንገት እስከ መጨረሻው ቆልፈውታል። ሁለቱ አብረው ያሉበት ሌላ ፎቶግራፍ የለንም። እምዬ ደብተሩን መልሳ በነጠላ ጠቅልላ ከሣጥኑ ሥር አኖረችው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከቢቸና በደጀን ዞሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። መንገዱ በየትኖራ ያልፋል፤ በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲባል ስሟ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራ ነበር። በስተ ቀኝ የጮቄ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሳያስተክሉ በፊት መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲዋ አስፍቷታል።

የመጣሁት አክስቴን ለማየት ነው። በሕመም ምክንያት ለተዝካሩ መምጣት አልቻለችም። ከእናቷ ቀሚስ ኋላ የተሸሸገችው ትንሿ ልጅ እሷ ናት፤ ዛሬ ብዙ ዓመት ያስተማረች መምህርት። የተዝካሩን ሁሉ እየጠየቀች አስተረከችኝ፤ ሙሾው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከዚያ እሷ በተራዋ ነገረችኝ። በዚያ ዘመን በጎጃም ሴት ልጅን በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ መዳር የተለመደ ነበር። ለእሷም ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ደህና ቤት፣ በቂ ከብት ያለው። አባባ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከዘመቻ በተመለሱ በወራት ውስጥ ፊደል ቆጥረው ነበር፤ በሠላሳ ዓመታቸው፣ ከልጆች ጋር ተቀምጠው። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ «እኔ በዕድሜዬ ያገኘሁትን እሷ በጊዜዋ ታግኝ» አሉ። ጎረቤት ለብዙ ጊዜ አማቸው።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቢቸና ቤት ተከራይታ ስትቀመጥ አባባ በየገበያው ቀን ስንቋን ያደርሱላት ነበር። አህያው ላይ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬና ማገዶ ይጫናል፤ እሳቸው ከአህያው ኋላ እያነከሱ ይመጣሉ። ከገቡ በኋላ አይቀመጡም። መጀመሪያ በሩን ይፈትሻሉ፤ መቀርቀሪያው ላልቶ ከሆነ ከኪሳቸው ምስማር አውጥተው በድንጋይ ይመቱታል። ከዚያ ደብተሯን ገልጠው ቀይ እስክሪብቶ ያለበትን ገጽ ይፈልጋሉ። የተጻፈውን ሁሉ አያነቡትም፤ ቁጥሩን ግን ያውቃሉ። አሥር ከአሥር ካዩ ጉንጯን ስመው ይወጣሉ፤ ሰባት ካዩ «ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?» ይላሉ። ተቆጥተዋት አያውቁም። መምህራን ማሠልጠኛ ስትገባ አንዱን በሬ ሸጡ፤ ያን ክረምት ከጎረቤት በሬ አቀናጅተው ሁለቱንም ቤት አረሱ። ይህን እሷ ያወቀችው ከተመረቀች በኋላ ነው።

ስለ ስሞቹም ነገርኋት፤ ስለ አራተኛው ሰው። አክስቴ ተነሥታ ስልኳን አመጣች። ከመተከል መጥቶ እሷ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባልደረባ አላት፤ የሰፈሩት ሰዎች ልጅ ነው። ደወለችለት። እሱ ለአባቱ ደወለ። አባቱ ለሌላ ሰው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ ስልኩ ጠራ፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም በሕይወት አለ፣ ፓዊ ነው ያለው፣ የክርስትናውን ስም ያውቃል። አክስቴ ከመስመሩ ማዶ እየሰማች በቀይ እስክሪብቶዋ ጻፈችው። ወንድምየው ለምን እንደተጠየቀ ሲነገረው ለደቂቃ ያህል መናገር አልቻለም፤ ከዚያ ስለ አባባ ጠየቀ። «ሚሊሻው? ያ አንካሳው? እሱ እኮ ከዘመቻ ሲመለስ መጀመሪያ እኛ ቤት ነው የመጣው። መርዶውን በመልእክተኛ አልላከም፤ ራሱ መጥቶ አፈር ላይ ተቀምጦ ነገረን» አለ።

ለመምሬ ወዲያው ደወልን። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመው ያዙት። በመጪው ወር በሚካኤል ዕለት የአባባንና የአራቱን ስም አንድ ላይ እንደሚጠሩ ነገሩን፤ «ለእናንተ እናት አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ» አሉ። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ።